ከሁሉም የከበደው ምድብ

ፈጣን መኪና ለመንዳት ይከብዳል የሚባለው ውሸት ነው። በሪሞት የሚነዳ ትንሽ መኪና ይዞ የተወዳደረ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይደግማል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ችሎታ ይጠይቃል፣ ችሎታ በጠየቀ ቁጥር ደስታው ይበልጣል ይላል። እኔ አምቦ ላይ በአራት ምድብ ተወዳድሬአለሁ። ፈጣኑ ምድብ ከአራቱ የቀለለው ነበር፤ ደስታውም እንደዚያው የቀለለ። የከበደው ሌላ ነው፤ እሱን ለመናገር ግን ከታች መጀመር አለብኝ።

አራት ሰዎች ነበርን፣ ሁላችንም ከአርባ ዓመት ያለፍን። እኔ መምህር ነበርኩ። ሁለተኛው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሚሌኒየሙን ካከበርን ወዲህ ሰው ሁሉ ዜናውንም ዘፈኑንም በሞባይሉ መስማት ሲጀምር ሥራው ቀዝቅዞበት፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የሞተ ቴፕ ሲያፈርስ የሚውል ሰው። ሦስተኛው የጤና ባለሙያ ነው፤ ፕሮቴስታንት፣ ቃሉን እንደ መድኃኒት ለክቶ የሚሰጥ። አራተኛው ሾፌር ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ከአዲስ ዓለም እስከ ሸነን ያለውን መንገድ ሁሉ ሃያ ዓመት ነድቷል። ጭልሞ ጫካ አጠገብ ጉም ሲወርድ መንገዱን በጆሮው ይነዳል ይባልለት ነበር፤ ይህን የሚለው በብዛት እሱ ራሱ ነው። ከሁላችን ስለሚበልጥ እኔና የጤና ባለሙያው ጋሼ እንለዋለን፣ ጠጋኙ ደግሞ ኦቦ ይለዋል።

ጎልማሳ ሰው እሑድ ከሰዓት ድራፍት ቢጠጣ፣ ከረንቡላ ቢመታ፣ ወይም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንግሥት ቢያማ ማንም አይገርመውም። መጫወቻ መኪና ሲነዳ ግን ጤናው ያጠራጥራል። ስለዚህ የምንወዳደረው ተደብቀን ነበር፤ አንድ ያላለቀ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ። የባለቤቱ አቅም ከአንደኛው ወለል በላይ አልሄደለትም፤ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ቀርቷል። ወለሉ ግን ጥሩ ሲሚንቶ ነው። መቼ እንደምንጀምር የሚወስነው የጤና ባለሙያው ጉባኤ ነበር። እኛ ከቅዳሴ በጠዋት ወጥተን፣ ምሳችንን በልተን እንጠብቀዋለን።

«የናንተ ጸሎት መቼ እንደሚያልቅ ለምን አስቀድመው አይነግሯችሁም?» ይለዋል ሾፌሩ።

«መንፈስ ቅዱስ ሰዓት አያስርም፣ ጋሼ።»

«የኛው ያስራል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ነኝ።»

በዚህ ከተማ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ቸግሮን አያውቅም። ስድስቱን ሲሚንቶው ላይ እንደረድራለን፤ መኪናው በመካከላቸው እየተጠማዘዘ በሁለት ምሰሶ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ጠርሙስ የጣለ ሰው ሪሞቱን መሬት አስቀምጦ፣ ራሱ ሄዶ ጠርሙሱን አቁሞ ይመለሳል። ጠጋኙ የያዘው ሰዓት ግን እስከዚያው መቁጠሩን አያቆምም። ሕጋችን ይህ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ምድብ «ሱቅ» እንለዋለን። ገበያ ላይ ከፕላስቲክ ጫማ ጋር ተደርድሮ የሚሸጠው የቻይና መጫወቻ ነው። ሪሞቱ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንደኛው ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ይነዳዋል፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ እየጠመዘዘ ይመልሰዋል። ወደ ፊት እየሄዱ መታጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ለመታጠፍ ማፈግፈግ አለበት። ያገራችንን ነገር የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይገርመውም። ይህ መኪና ርካሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ በእውነቱ ከፈጣኑ አሥር እጥፍ ይከብዳል። ደስታው ግን ትልቅ ነው፤ ማንም በችሎታው ስለማያሸንፍ ማንም በመሸነፉ አያፍርም። ሆዳችንን ይዘን የሳቅነው በዚህ ምድብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ቅጥቅጥ» ነው። ጠጋኙ ከሁለት አንድ ዓይነት መጫወቻዎች የሬዲዮ ዕቃቸውን አወጣ፤ ከዘይት ጄሪካን አካል ቆረጠላቸው፣ ከቴፕ ሞተር አወጣላቸው፣ ከአሮጌ ጎማ እግር ቀረጸላቸው። መልካቸው መናኸሪያ ከሚቆሙት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሪሞታቸው ሁለት ማንሻ አለው፤ በግራ አውራ ጣት ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ በቀኝ አውራ ጣት ወደ ጎን። ከባዶችና ቀርፋፎች ናቸው፤ ምሰሶ ጋ መታጠፍ የፈለገ ምሰሶው ሳይደርስ ማሰብ አለበት። አሳብ የሚጠይቅ ምድብ ይህ ብቻ ነበር፤ እኔም የወደድኩት ለዚህ ነው። አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ሁለቱም የሚሰሙት በአንድ ሞገድ ነው። በአንዱ ሪሞት ስታዘው ሁለቱም ይታዘዛሉ። ስለዚህ በቅጥቅጥ ጎን ለጎን መሽቀዳደም አይቻልም ነበር፤ አንዱ ሰው ሲነዳ የሌላው መኪናም ሪሞትም ይጠፋል፣ ተራ በተራ ከሰዓት ጋር ነበር የምንወዳደረው።

ሦስተኛው ያ የተመሰገነው ፈጣኑ ነው። የጤና ባለሙያው ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የመጣ እንግዳ ትቶለት ሄደ። ቀኝ በል ስትለው ቀኝ፣ ቁም ስትለው ይቆማል። ታዲያ ምኑ ከበደ? የሚያስቸግረው መኪናው ሳይሆን ባለቤቱ ነበር። መለዋወጫ የሌለው አንድ ዕቃ ስለሆነ ምሰሶ በቀረብን ቁጥር አጠገባችን ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ፣ ወንድሜ» ይላል። ሁላችንም የሰው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር የምንነዳው። ሁለት ወር ሳይሞላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፤ ማንም አልናፈቀውም።

ከዚያ ክረምቱ ሊገባ ሲል ሾፌሩን ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው።

ንግግሩ ቶሎ ተመለሰ። እግሩም እየጎተተ ይሄድ ጀመር። ቀኝ እጁ ግን እንደተሰቀለ እጀ ጠባብ ሆነ፤ ጣቶቹ መጨበጥ ይጀምሩና መሃል ላይ የረሱት ይመስላሉ። መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሰጠው፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ወይ ወደ መሪው ይመለሳል፣ ወይ ዘበኛ ሆኖ በር ላይ ይመደባል ተባለ።

«ሾፌር ዘበኛ ሲሆን አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ትናንት የነዳኸውን መኪና ዛሬ ቆመህ በር መክፈት ነው። እዚያ በር ላይ ከምቆም አፈር ብገባ ይሻለኛል።»

ከጳጉሜን በፊት ወደ ፎቃችን ተመለሰ፤ ቅጥቅጡን አምጡልኝ አለ። ምክንያቱን ራሱ ነገረን። ቅጥቅጥ የሚታጠፈው በቀኝ አውራ ጣት ነው፤ ፒክአፕ ማርሽ የሚለወጠውም በቀኝ እጅ ነው። ሦስት እሑድ በተከታታይ አንድ ጠርሙስ ሳይጥል ከዞረ እጁ ድኗል ማለት ነው፤ በማግስቱ እነዳለሁ ብሎ ደብዳቤ ያስገባል። ሐኪም ዘንድ መመላለሱን ትቶ ነበር። ሐኪም የማያውቀውን መሪ ይነግረኛል ይል ነበር፤ እንግዲህ መሪው ይህ ሆነ።

በመጀመሪያው እሑድ ስድስቱንም ጠርሙሶች ጣለ። ስድስት ጊዜ ሪሞቱን መሬት አስቀመጠ፣ እግሩን እየጎተተ ሄደ፣ አጎንብሶ በግራ እጁ አቆመ፣ ተመለሰ። ሰዓቱ ይቆጥራል። ጠጋኙ ሰዓቱን ያያል፤ የጤና ባለሙያው ጫማውን ያያል፤ እኔ ጣራው ላይ ያለውን ብረት እቆጥራለሁ። ሱቅ ምድብ ላይ ቢሆን እንስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሾፌሩም ዝምታችንን ሰማው።

እሱ ከሄደ በኋላ ሦስታችን ቀረን።

«እጁ ይመለሳል?» አልኩት የጤና ባለሙያውን።

«እግሩ ይሻሻላል። ጣቱ አይመስለኝም።»

«ነግረኸዋል?»

«እንዴት ብዬ? አንተ ንገረው፣ ቃላት ያንተ ሥራ ነው።»

«ዲሲ፣ ተውት» አለ ጠጋኙ። «ኦቦ ሲያጎነብስ ዳግመኛ ማየት አልችልም። አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። የሾፌሩን ሪሞት ከፍቶ ወደ አንቴናው የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ በጋለ ብረት ነቀላት። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ማንሻው ይንቀሳቀሳል፤ ከሪሞቱ ግን የሚወጣ ነገር የለም። ሁለተኛውን ሪሞት ለእኔ ሰጠኝ። ሁለቱ ቅጥቅጦች በአንድ ሞገድ ስለሚሰሙ የሱን መኪና ከኪሴ መንዳት እችላለሁ ማለት ነው።

«ሞራሉን ያነሣለታል» አለ የጤና ባለሙያው። «ሞራል ለሕመምተኛ ጥሩ ነው።» ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም።

አራተኛው ምድብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ስም አላወጣንለትም። ከሾፌሩ ኋላ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ እቀመጣለሁ፤ ሁለት እጄ የካፖርቴ ሁለት ኪስ ውስጥ ነው፣ የኪሶቹን ገበር ቀድጄ ከውስጥ አገናኝቼዋለሁ። ሪሞቱን አላየውም፣ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። መኪናውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሰውየውን ማየት አለብኝ። ለመታጠፍ ሲፈልግ ግራ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ነው መታጠፍ ያለብኝ። ከቀደምኩ ያውቅብኛል፤ ከዘገየሁ ጠርሙሱ ይወድቃል። ደግሞ በጣም አሳምሬ መንዳትም የለብኝም፤ የታመመ እጅ የሚነዳውን ያህል እየተንገዳገድኩ፣ ጠርሙሱን ለጥቂት እየሳትኩ ማለፍ አለብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

ደስታውንም ልናገር፤ ከደበቅሁት ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ሾፌሩ የመጨረሻውን ምሰሶ ዞሮ ትንፋሹን ሲለቅ እኔም እለቃለሁ። ጠጋኙ ሰዓቱን ሲናገር ሾፌሩ ቀኝ እጁን አንሥቶ ያየዋል፤ እኔም ኪሴ ውስጥ ያለውን የራሴን እጅ በልቤ አደንቃለሁ። እሑድ እስኪደርስ እቸኩል ነበር። ለወዳጄ ብዬ የማደርገው ነው እል ነበር፤ እንዲህ የሚል ሰው ሳገኝ ዛሬ አላምነውም።

«ሐርኪ ኬ አከም?» ይለዋል ጠጋኙ ስለ እጁ ሲጠይቀው።

«ፈያ!» ይላል ሾፌሩ። ያ «ደህና ነው» ሦስት እሑድ ሙሉ እየጎላ ሄደ፤ ሪሞቱንም ጣቴን ላለማምድበት እያለ ቤቱ ይዞት ይሄድ ጀመር።

እኔ በነዳሁበት በሦስተኛው እሑድም እንደ ቀደሙት ሁለቱ አንድም ጠርሙስ አልወደቀም። በማግስቱ ደብዳቤውን አስገባ። ያን ሌሊት ሦስታችንም እንነግረዋለን ብለን ተኝተን ይሆናል፤ ማክሰኞ ስንገናኝ ግን እያንዳንዳችን ሌላው የነገረው መስሎን ነበር፣ ወይም እንዲመስለን ፈልገን ነበር። መሥሪያ ቤቱ ይፈትነዋል፣ ሲፈተን ይታወቃል ብለን ተጽናናን። አልፈተነውም። የሱ አለቃም እንደ እኛው ይሉኝታ ያሳደገው ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ያገለገለውን ሾፌር እስቲ ነድተህ አሳየኝ ማለት ከበደው። መመለሱ አስደስቶናል ብሎ ቁልፉን ሰጠው። ይሉኝታ የባህላችን ጌጥ ነው ይባላል። ጌጥነቱን አላውቅም፤ ሥራ ሲሠራ ግን አይቻለሁ።

ሳምንት ያህል ከተማ ውስጥ ነዳ። ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጋሪ እየተከተሉ መሄድ ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሸነን ላኩት።

ያን ቀን የጤና ባለሙያው ለሥራ ወደዚያው ለመሄድ መናኸሪያ ቆሞ ነበር። የሆነውን የነገረን በኋላ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ፒክአፑ አጠገቡ ቆመ፤ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

«ምን ትጠብቃለህ ዶክተር? ግባ እንጂ፤ ሸነን ነኝ።»

ከሦስታችን ስለዚያ እጅ በትምህርት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ገባ።

«ለምን ገባህ?» አልኩት አልጋው አጠገብ ቆሜ።

«አልገባም ብለው ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ምን እለዋለሁ? በር ከፍቶልኝ እየሳቀ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ሾፌሩ ቀኝ እጁን ማርሹ ላይ ጣለ፤ እጁ እዚያው ተቀመጠ፣ አልገፋም። መኪናው ፈጠነ። ሾፌሩ እጁን እያየ «ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ በል» ይለው ነበር አለ የጤና ባለሙያው፣ እንደ በሬ እየለመነው። ከዚያ ማርሹን በግራ እጁ ሊይዝ መሪውን ለቀቀ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። መንገዱ ግን እዚያ ላይ ይታጠፋል። ፒክአፑ በጎኑ ቦይ ውስጥ ተኛ። የጤና ባለሙያው ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ዛሬም ያነክሳል። ሾፌሩ ግንባሩ ተሰነጠቀ።

ከአደጋው በኋላ በሁለተኛው እሑድ፣ ግንባሩ ላይ ፋሻ እንዳለ፣ ወደ ፎቁ መጣ። እኔና ጠጋኙ ብቻ ነበርን፤ እንደሚመጣ አላሰብንም። ስለ አደጋው አንድ ቃል አልተናገረም።

«ቅጥቅጡን አምጡ» አለ። «ዛሬም ልሞክር።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፤ ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ? ግን ሪሞቱን ሊይዝ ነው፣ እኔ ካልነዳሁ መኪናው ንቅንቅ አይልም፣ ሁሉም ነገር እዚያው ሊወጣ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ካልነገርከው ነገር በአምስተኛው እሑድ መጀመር አይቻልም። ካፖርቴን ለብሼ ነበር፤ ሁለተኛው ሪሞትም ከኪሱ አልወጣም ነበር። ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ትከሻው ዝቅ ሲል ታጠፍኩ። ሁለት ዙር፣ ስድስቱ ጠርሙስ እንደቆመ። ጠጋኙ ሰዓቱን አየ፤ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነበር። በቀስታ ተናገረ።

ሾፌሩ ዞረ። ሪሞቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አወጣ። ጠዋት ቤቱ ከሪሞቱ ያወጣቸው ናቸው። አጎንብሶ ሲሚንቶው ላይ አንድ በአንድ አቆማቸው።

«ማን ነው?» አለ።

ጠጋኙ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ።

«ማነው የነዳልኝ? ስሙን ብቻ።»

ሪሞቱን ከኪሴ አወጣሁት። አየኝ፤ ቁጣ ብጠብቅም አልነበረም። የጠፋ ዕቃውን ሰው ቤት ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

«ጎበዝ ነህ» አለኝ። «አንዱንም አልጣልክም።» ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞረ፤ ጠጋኙ ያለቅስ ነበር። «ያን ቀን ስድስቱንም ስጥል ዝም ብላችሁ ብታዩኝ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። የዚያ ሰውዬ እግርም አይሰበርም ነበር።»

«ኦቦ፣ እኛ እኮ...» አለ ጠጋኙ።

«ዲሲ፣ ተወው።»

ሄደ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተወዳደርንም።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መደበው። ትምህርት ቤት ስሄድ በዚያ አልፋለሁ፤ መኪና ሲመጣ በግራ እጁ ብረቱን ይገፋል፣ በግራ እጁ ይዘጋል። ሰላምታ አልነሣኝም። «አከም፣ ደህና ነህ፣ ልጆቹስ» ይላል፤ እንደ ማንም አላፊ አግዳሚ። ከዚያ በላይ አይጨምርም። መንገድ ቀይሬ ነበር፤ ሳምንት ቆይቼ ደግሞ መንገድ መቀየሬን ማወቁ አሳፈረኝና ተመለስኩ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ስትሮክ እንደገና መታው፤ ሁለተኛው አልተወውም። ቀብሩ ላይ ሰው እየመጣ የልብ ወዳጅህ ነበር፣ በሕመሙ ጊዜ አልተለየኸውም እያለ አጽናናኝ። አንዱንም አላረምኩም። የጤና ባለሙያው በምርኩዝ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሱም አላረመም።

ደግ ስለሆናችሁ ነው ያጠፋችሁት የሚለኝ ሰው አለ። አልስማማም። ደግ ብንሆን ሲያጎነብስ እናይ ነበር። ማየቱ የከበደን ለእኛ ነው፤ ሸክሙን ከዓይናችን ላይ አንሥተን እሱ ላይ ጭነን ቁልቁለቱ ላይ ሰደድነው። እኔ ደግሞ ከዚያም አልፌ ደስ ብሎኛል። ወዳጅን ሳያውቅ መንዳት ከምድቦች ሁሉ የከበደው ነው፤ ደስታውም ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ነው የምፈራው።

ዛሬ የሾፌሩ ዕድሜ ላይ ነኝ። ማስተማሩን ትቼ አሁን የእኔ ሥራ መጻፍ ነው፤ የጻፍኩትን አንብቦ «ግሩም ነው» ያላለኝ ሰው በዚህ ከተማ የለም፤ እጄ እንዳለ ይሁን ወይም ኋላዬ ተቀምጠው እየነዱልኝ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ጽሑፉ ካልረባ፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቴን እያየህ አይረባም በለኝ።